ተማሪው አሚሩን ይመርጣል፤ እንደራሴውንስ?



ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በስለት ተወግተው ለሞት በተቃረቡ ጊዜ፣ ቀጣዩን መሪ ከመካከላቸው እንዲመርጡ ስድስት ሰሐቦችን መሰየማቸውን አብዛኞቻችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ራሳቸውን ከዕጩነት አግልለው ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት የመዲናን ሕዝብ ሲጠይቁ ሰነበቱ። ኢብኑ ከሢር «አል-ቢዳያ ወን-ኒሃያ» በተሰኘው የታሪክ መጽሐፋቸው እንደዘገቡት በየቤታቸው ያሉ ሴቶችን፣ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ልጆችን ሳይቀር ጠይቀዋል። እኔን ዘወትር የሚደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የኸሊፋ ጉዳይ ለተማሪ ቀርቦ ነበር!

የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ማንም ባይጠይቀው ቅር የሚለው አይመስልም። ለዚህ ጽሑፍ ስል ካነጋገርኳቸው ሙስሊም ተማሪዎች አብዛኞቹ ስለ አገራዊ ምርጫ ሳነሳባቸው የመለሱልኝ በፈገግታ ነው። «ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ አይደል እንዴ?» አሉኝ። እነዚሁ ልጆች የግቢው ጀመዓ አሚር ሲመረጥ ከዒሻእ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሚሩን ሱብሒ ላይ ያገኙታል፤ የመዋጮው ገንዘብ የት እንደዋለ ይጠይቁታል፤ ካላረካቸው በዓመቱ ሌላ ይተኩበታል። አመኔታቸው ጠይቆ መልስ ከማግኘት የመጣ ነው።

በእርግጥ ጥርጣሬያቸው ከሰማይ አልወረደም። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተካሄደው ምርጫ ተቃዋሚዎች በአዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን አሸነፉ። ይሁን እንጂ አሸናፊው ቅንጅት ከተማዋን ሳያስተዳድር ቀረ። በተከተለው ሁከት የሞቱት፣ በአጣሪ ኮሚሽኑ ቁጥር፣ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ናቸው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ያዙ። ይህን እያየ ያደገ ወጣት ምርጫ ቦርድን ባያምን ልንወቅሰው አንችልም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አለማመን ምን ያሠራናል?

እኔ በ2002 የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አልመረጥኩም። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ በየቀበሌው ሲካሄድም አልመረጥኩም። ሁለቱን ግን በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም። በ2005 ምርጫው በመስጂዶች ይሁን ብሎ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በግልጽ ጠይቆ ነበር፤ አልተሰማም፤ ስለዚህ አንሄድም አልን። ያ መቅረት ሁሉም የተረዳው መልስ ነበር፤ ዋጋም ተከፍሎበታል። በ2002ቱ እሑድ ግን እስከ ዙህር ዶርሜ ውስጥ ተኝቼ ነበር። ሲጠይቁኝ «አላምናቸውም» እል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ምዝገባው መቼ እንዳለፈ እንኳ አላወቅሁም።

መምረጥ በሸሪዓ አይፈቀድም የሚሉ ተማሪዎችም አሉ። ፈትዋ የዑለማ ሥራ ነው፤ ጋዜጠኛ አይገባበትም። ይሁንና ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን መልካም የምንለውን ሰው ለመምረጥ በምርጫ መሳተፍ እንደሚገባ መናገራቸውን፣ ሸይኽ ኢብን ባዝም ሐቅን ለመደገፍ በሚል ንያ ፓርላማ መግባትን መፍቀዳቸውን የማይጠቅስ ሰው ኺላፉን ሙሉ አላቀረበም። ድምፅን ከምስክርነት ጋር የሚያመሳስሉት ዑለማም ምስክርነትን መደበቅ የከለከለውን አንቀጽ (2፡283) ያስታውሳሉ። ከኡስታዙ ጋር መክሮ የተቆጠበን ተማሪ አከብራለሁ። ፈትዋውን እንደ ብርድ ልብስ የተከናነበውን ግን ከራሴ የዶርም ታሪክ ስለማውቀው አላምነውም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት ሰጥቷል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል፤ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ግቢ ለሚኖሩ ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲቋቋምም ይፈቅዳል። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ይካሄድና ውጤቱ ለሕዝብ ይለጠፋል። ተማሪዎቻችን ልብ ያላሉት ይህን የመጨረሻውን ይመስለኛል። የጀመዓውን ሒሳብ ሳንቲም በሳንቲም የሚመረምር ልጅ፣ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ኋላ ከሚነገረው ጋር ማመሳከር የሚያቅተው ለምንድን ነው?

ሰኔ 14 ቀን 2013 መርጬ በማግስቱ ተመልሼ ወረቀቱን አነበብኩ። ከኔ ሌላ ቆመው የሚያነቡት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። በዚያ ምርጫ ትግራይ ጨርሶ አልመረጠችም፤ የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች ድምፅ የሰጡትም መስከረም 2014 ነው። ስለዚህ ያነበብኩት ወረቀት ስለ አንድ ጣቢያ እንጂ ስለ አገሩ ሁሉ አልነገረኝም። ያንን አንድ ጣቢያ በሚመለከት ግን የሰው ወሬ አላስፈለገኝም።

በነሐሴ 2017 የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶች ተካሄደ፤ በ2005 የተነፈግነው ማለት ነው። በሰፈራችን መስጂድ ተሰልፈን ሳለ ከፊቴ የነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስመራጩን ስንት ሰው እንደተመዘገበ ጠይቆ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጻፈ። ጓደኛው «ምን ያደርግልሃል?» አለው።

«ሲቆጠር እመጣለሁ» አለው ተማሪው፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ።