«እግዚኦ!» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የገበያው ዋጋ ሲያስደነግጠን «እግዚኦ!» እንላለን። ሐሜት ሲነገረንም «እግዚኦ! እውነት እንዲህ አደረገች?» እያልን ወሬውን እናሟሙቃለን። ቃሉ ከአፋችን አይለይም። ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ስንቶቻችን ጠይቀናል?

«እግዚኦ» የግእዝ ቃል ነው። «እግዚእ» ማለት ጌታ ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» የሚለው ስም በዚሁ ቃል ይጀምራል፤ እመቤታችንን «እግዝእትነ» የምንላትም ከዚሁ ሥር ነው። በመጨረሻ ያለችው «ኦ» የመጥሪያ ምልክት ናት። በግእዝ «ብእሲት» ሴት ማለት ሲሆን፣ ስትጠራ «ብእሲቶ» ትባላለች። እንዲሁም «እግዚእ» ሲጠራ «እግዚኦ» ይሆናል፤ «ጌታ ሆይ» ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የመገረሚያ ድምፅ ሳይሆን ጥሪ ነው።

ጥሪው ደግሞ ተከታይ አለው። በቤተ ክርስቲያን «እግዚኦ ተሣሃለነ» እንላለን፤ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለን» ማለት ነው። ይኸው ጸሎት በጽርእ ማለትም በግሪክ ቋንቋ «ኪርያላይሶን» ይባላል፤ በሰሙነ ሕማማት በዚያው በጽርኡ ቃል እየጸለይን እንሰግዳለን። በኢያሪኮ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሁለት ዕውሮችም ጌታችን ሲያልፍ የጮኹት ይህንኑ ነበር። ሕዝቡ ዝም እንዲሉ ቢገሥጻቸውም አብዝተው ጮኹ። ጌታም ቆሞ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ዓይናቸው እንዲበራ ለመኑት (ማቴ. 20፥29-34)። ጠርተው ዝም አላሉም፤ የሚለምኑትን ያውቁ ነበር።

የአማርኛው መዝሙረ ዳዊት «እግዚኦ» የሚለውን «አቤቱ» ይለዋል። እግዚኦታ ማለት እንግዲህ ለጌታ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። ዳኛውን «አቤት!» ብሎ ጠርቶ፣ ዳኛው ቀና ሲል ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ባለጉዳይ ምን ይባላል? የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ እንዳንጠራም ታዝዘናል (ዘጸ. 20፥7)።

ይህን ስንል በድንጋጤና በጭንቅ ጊዜ «እግዚኦ!» አይባል ማለታችን አይደለም። ከልብ ከወጣ አንዲቱ ቃል ብቻዋን ጸሎት ናት። የሚያሳዝነው በሐሜት መካከል የወሬ ማጣፈጫ ስትሆን ነው።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ቃሉ ሲያመልጠን «ተሣሃለነ» ብለን እንፈጽመው። በመጨረሻ ያለችውን «ነ»ንም እናስተውል፤ «እኛን» ማለት ናት። ሁለቱ ዕውሮች እያንዳንዳቸው «እኔን» አላሉም፤ በአንድነት «እኛን» አሉ። «ይቅር በለን» ስንል የምናማት እኅታችንም ከእኛ ጋር በአንዱ ልመና ውስጥ ትገባለች። አብራን ምሕረት የምትለምነውን እኅት እንዴት እናማታለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።