የኪራይ ውልና የንግድ ፈቃድ፦ አደንዛዥ ዕፅን ለመከላከል የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በሰበካ ጉባኤ ስብሰባዎች የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱ ዘወትር ከሁለት በአንዱ ይቋጫል፤ ወይ ለፖሊስ ይነገር ይባላል፣ ወይም በዐውደ ምሕረት ትምህርት እንዲሰጥበት ይወሰናል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። በመካከላቸው ግን ብዙ ጊዜ የማይነካ ሰፊ መስክ አለ፤ እርሱም የክፍለ ከተማው የዕለት ተዕለት አሠራር፣ ማለትም የቤት ኪራይ፣ የንግድ ፈቃድና የሕንፃ ደንብ ነው። በመቐለ ከተማ የሓድነት ክፍለ ከተማ አጥቢያዎችን በማሰብ ይህን መስክ እንመለከታለን።

የወንጀሉ ሕግ ግልጽ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘጋጀትን፣ ማከማቸትን፣ ማጓጓዝንና መሸጥን ይከለክላል፤ ቅጣቱም ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ማምረት ሲባል በሩቅ አገር እንደሚወራው የተሰወረ ፋብሪካ ብቻ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። በአገራችን በዋናነት የሚመረተው ካናቢስ ነው፤ ስሙም አብዛኛውን ጊዜ ከሻሸመኔ አካባቢ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ተክሉ በሌላ ሰብል መካከልም ሆነ በግቢ ውስጥ ሊበቅል ይችላል። ማድረቁ፣ መመጠኑና መጠቅለሉ ግን ጣሪያና በር ይፈልጋል። በር ያለው ቤት ደግሞ ባለቤት አለው፤ ተከራይ ካለውም ውል ሊኖረው ይገባል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ምክንያት የመቐለ ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፣ ሥራ አጥተዋል፤ ብዙዎችም ቁስላቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ዕፅ አቅራቢ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ወጣት ነው።

እንግዲህ ከኪራይ እንጀምር፤ ይልቁንም ከራሳችን ኪራይ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ለአገልግሎት ማስኬጃ የሚያከራዩአቸው ቤቶችና ሱቆች አሏቸው። ተከራዩ ማን ነው? በክፍሉ የሚያድረውስ ራሱ ነው ወይስ ሦስተኛ ሰው? ገንዘብ ያዡ የወሩን ኪራይ ከተቀበለ በኋላ ጥያቄው አይነሣም፤ ይህ ቸልተኝነት መሆኑን ደፍረን እንናገር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ ቤቱን በውሉ ለተመለከተው አገልግሎት እንዲያውለው ያስገድደዋል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የክፍሉ አገልግሎት ተለይቶ ይጻፍበት፤ ያለ ሰበካ ጉባኤው የጽሑፍ ስምምነት ለሌላ ማከራየትን ይከልክል፤ አከራዩ በቅድሚያ አስታውቆ ቤቱን የሚመለከትበትን ሁኔታም ይወስን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። አጥቢያው ግን የራሱን ውል ለማስተካከል ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም። የራሱን ቤት ያስተካከለ ሰበካ ጉባኤ ምእመናን አከራዮችንም ያለ ኀፍረት ሊመክር ይችላል።

ንግድ ቤቶችን በተመለከተ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ፈቃድ የተሰጠበትን ሥራ ብቻ እንጂ ሌላ መሥራትን አይፈቅድም። በቡና ቤት ስም ፈቃድ አውጥቶ በጓዳው ሌላ ነገር የሚያዘጋጅ ሰው በወንጀል ማስረጃ እስኪረጋገጥበት ድረስ ሳይጠበቅ በፈቃድ ጥሰት ሊጠየቅ ይችላል። የሕንፃን አገልግሎት መለወጥም ፈቃድ ይሻል።

የአስተዳደር እርምጃ ስለት እንዳለው ማስተዋል ያስፈልጋል። በኔዘርላንድ የኦፒየም ሕግ አንቀጽ 13ለ ከንቲባው ዕፅ የተገኘበትን ቤት እንዲዘጋ ሥልጣን ይሰጠዋል። ሥራው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ባጠፋው እናትና ሕፃናት ከቤት ሊወጡ ስለሚችሉ የአገሪቱ ፍርድ ቤቶች እርምጃው ከጥፋቱ ጋር መመጣጠኑን ይመረምራሉ። ጦርነት ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው በሚኖሩበት በመቐለ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ሊሆን ይገባዋል። በጥርጣሬ ብቻ ተከራይን ማስወጣት ሕጋዊ አይደለም፤ ክርስቲያናዊም አይደለም።

ለካህናት አባቶች አንድ የተለየ ነገር እናሳስባለን። በንስሐ የተሰማ ነገር ለቀበሌም ለኮሚቴም አይነገርም፤ በዚህ ድርድር የለም። ሰበካ ጉባኤው የሚያቀርበው በገሃድ የታየውን ብቻ ነው፦ የውል መጣስን፣ ፈቃድ የሌለው ንግድን፣ ሌሊት የሚገባና የሚወጣ ዕቃን። የሚያየውንም በጥቆማ ለማቅረብ የሚፈራ አባል የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መኖሩን ይወቅ። አቤቱታው በአንድ ግለሰብ ስም ሳይሆን በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፣ ቁጥርና ማኅተም አርፎበት፣ ለክፍለ ከተማው የንግድ ወይም የሕንፃ ጽሕፈት ቤት ቢላክ ይመረጣል፤ ግልባጩም በመዝገብ ቤት ይቀመጥ። በቃል የተነገረ ስሞታ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ዕፁን የሚጠቀመው ወጣት ከአምራቹ ተለይቶ ይታይ። እርሱን ወደ ዓይደር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚያደርሰው፣ ሲመለስም የሚቀበለው ሰው ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ከንስሐ አባቱ በኩል አስቀድሞ ይመደብ። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ ሁለት ነገሮች እንዲያዙ እንጠይቃለን፦ የአጥቢያው ተከራዮች ዝርዝርና የዚህ ሰው ስም።