አረር መውደቅ የሚጀምረው መቼ ነው? የነፍጥ ማነጣጠሪያና የስበት ሕግ

ልጅ ሳለሁ ቆሰበር በአንድ ዘመዳችን ቤት ግድግዳ ላይ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ ተሰቅሎ ነበር። ባለቤቱ አባባ፣ «አረር መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ሲያልቅ ነው የሚወድቀው» ይሉን ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህንኑ ጉዳይ ለአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በጥያቄ መልክ ባቀርብላቸው፣ ከግማሽ የሚበልጡት የአባባን መልስ መለሱልኝ። ውድ አንባቢያን፣ መልሱ ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ መረዳት ደግሞ ፈተና ከማለፍ ያለፈ ጥቅም አለው።

መውደቅ የሚጀምረው መቼ ነው?

ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን የሚገፋው በቱቦው ውስጥ እስካለ ድረስ ነው ማለት ይቻላል። አረሩ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል የለም። የሚሠሩበት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበትና ወደ ኋላ የሚይዘው አየር። ስበት ደግሞ ተራ አይጠብቅም። አረሩ ከአፈሙዙ በወጣበት ቅጽበት ይስበው ይጀምራል።

ለስሌት እንዲመቸን የአረሩ ፍጥነት በሰከንድ 300 ሜትር ነው እንበል፤ የአየሩንም መቋቋም ለጊዜው እንተወው። 100 ሜትር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ነው። የውድቀቱ መጠን በሰበት ሽምጠጣ (9.8) እና በጊዜው ስኩዌር ብዜት ግማሽ ስለሚሰላ 54 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ200 ሜትር ላይ 2.2 ሜትር፣ በ300 ሜትር ላይ 4.9 ሜትር ይወድቃል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ አራት እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። አየሩ አረሩን ስለሚያዘገየው ደግሞ እውነተኛው ውድቀት ከዚህም ይበልጣል።

ማነጣጠሪያው ምን ይሠራል?

ዓይናችን የሚያየው ቀጥታ መሥመር ነው፤ አረሩ የሚሄደው ግን በጎበጠ መንገድ ነው። ማነጣጠሪያ እነዚህ ሁለቱ በአንድ የተወሰነ ርቀት ላይ እንዲገናኙ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ከፍ ሲደረግ፣ ተኳሹ ሁለቱን ማነጣጠሪያዎች ከዒላማው ጋር ለማስተካከል ሳያውቀው አፈሙዙን በጥቂቱ ወደ ላይ ያቀናዋል። «አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ ይነሣል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። አረሩ በራሱ አይነሣም፤ የተነሣው ቱቦው ነው።

መጠኑን በተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ማስላት ይቻላል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ካለ፣ የኋላውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ በ100 ሜትር ላይ የአረሩን ማረፊያ 12.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። የአሮጌ ጠመንጃዎች የኋላ ማነጣጠሪያ በደረጃ የተከፋፈለው ለዚህ ነው። ለ200 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ አረሩ ከእይታው መሥመር 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ርቀትን በትክክል ያልገመተ ተኳሽ፣ እጁ ባይንቀጠቀጥም ይስታል።

ከኮረብታ ቁልቁል

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋጋ። የኢትዮጵያውያኑ ጠመንጃዎች በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርሱ ነበሩ። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር ደግሞ ራሱ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረው ኤንፊልድ በኋላ በኩል እንዲጎርስ ተሻሽሎ የተሠራ ነበር። ዋናው ልዩነት አረሩ በአየር ላይ የሚሄድበት ሕግ ሳይሆን የመተኮሻ ፍጥነቱ ነበር፤ አንዱ ባሩድና አረር በዘንግ እስኪጠቀጥቅ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። በዚያ ውጊያ ከፋላ ኮረብታ ቁልቁል የተተኮሱት የመድፍ አረሮች አብዛኞቹ በእንግሊዞቹ ራስ ላይ አልፈው ሄዱ።

የዚያ ቀን መሳት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ቁልቁል የሚተኩስ ሁሉ የሚገጥመው አንድ የፊዚክስ ወጥመድ አለ። ስበት የሚሠራው ወደ መሬት በቀጥታ ስለሆነ፣ ተኳሹ በ30 ዲግሪ ሲያዘቀዝቅ ከእይታው መሥመር ጋር ቀጥ ብሎ የሚቆመው የስበት ክፍል 87 በመቶ ብቻ ይሆናል። ማነጣጠሪያው ግን ለሙሉው ስበት የተስተካከለ ነው። በስሌታችን መሠረት በ200 ሜትር ላይ አረሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከዒላማው በላይ ያልፋል። ሽቅብ ሲተኮስም እንዲሁ ከፍ ይላል። ብዙዎች ቁልቁል ሲተኮስ አረሩ ከፍ፣ ሽቅብ ሲተኮስ ዝቅ የሚል ይመስላቸዋል፤ ኮሳይኑ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

የቆሰበር አየር

ቆሰበር ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። መቋቋሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ላይ ሲወጣ፣ በተለይ በረጅም ርቀት፣ አረሩን ከፍ አድርጎ ያሳርፋል። ማነጣጠሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት የሚሆነው ለተሠራበት አየርና ለተሠራበት ባሩድ ብቻ ነው።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ አረር

በአካባቢያችን በሠርግ፣ በለቅሶና በበዓል ወደ ሰማይ መተኮስ የተለመደ ነው። የአባባ አስተሳሰብ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። «ጉልበቱ አልቆ የሚወድቅ አረር ምን ይጎዳል?» ያሰኛልና። አሁን እናስላ። 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል የእርሳስ አረር 20 ግራም ያህል ይመዝናል። ሲወርድ የአየሩ መቋቋም ከክብደቱ ጋር እስኪተካከል ድረስ ፍጥነት ይጨምራል። በቆሰበር አየር ይህ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 70 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰውን ራስ ቅል ለመስበር ይበቃል። አየሩ ስስ በመሆኑ ደግሞ ይኸው አረር በባሕር ዳርቻ ከሚወርደው ይበልጥ ይፈጥናል። አፈሙዙ ጥቂት አጋድሎ ከሆነም አረሩ ከተኳሹ ርቆ፣ ምንም ወደማያውቅ ሰው ግቢ ይወርዳል።

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ሙከራ ልስጣችሁ። ሁለት ሳንቲሞችን ከጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ። አንዱን በጣታችሁ ወደ ፊት ስትመቱት በዚያው ቅጽበት ሌላውን ዝም ብላችሁ ልቀቁት። ወለሉን ሲመቱ የምትሰሙት ድምፅ አንድ ነው። ወደ ፊት መፍጠን ከመውደቅ አያድንም። ይህን ሙከራ ቤታችሁ ላሉ ታላላቆች አሳዩአቸው፤ በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚያነጣጥረው እጅ ጥቂት ያመነታ ይሆናል።