ዓለም በራሱ ይቆማልን?

የጥናት ትምህርት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘፍ. 1፥1-5፤ ኢዮብ 38፤ ሐዋ. 17፥22-31፤ ዕብ. 11፥1-3።

ይህ ትምህርት የተነሣው በሱዳን አገር በካርቱም ከተማ፥ በዓባይ ዳር ባለችው በቡሪ ሰፈር ከተጠየቀ ከአንድ ጥያቄ ነው። በ2023 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡን ከመበተኑ አስቀድሞ፥ ከአገራችን የሄዱ ብዙ ሰዎች በካርቱም ይኖሩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእነርሱም ጥቂቶቹ ዓርብ ማታ በአንድ የኪራይ ቤት ተሰብስበው ቅዱስ መጽሐፍን ያጠኑ ነበር። እኔም በእንግድነት በመካከላቸው ተገኝቼ የፍጥረትን ምዕራፍ እንዳስተምር ተጠየቅሁ።

ንባቡ እንዳለቀ አንድ ወጣት ተነሣ፤ ቀን ቀን በቤቶች የኤሌክትሪክ ሽቦ በመዘርጋት የሚተዳደር ሰው ነበር። «ጋሼ፥» አለኝ፥ «ዓለምን እግዚአብሔር ፈጠረው ትላላችሁ። እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው? እርሱ ፈጣሪ ሳያስፈልገው መኖር ከቻለ፥ ዓለም ራሱ ፈጣሪ ሳያስፈልገው ስለ ምን መኖር አይችልም?»

እኔም ቸኩዬ፥ ቤት ሁሉ ሠሪ እንዳለው የሚናገረውን ቃል (ዕብ. 3፥4) ጠቀስሁለት። እርሱም በትሕትና፥ ነገር ግን ሳይፈራ፥ «ቤት ሲሠራ አይቻለሁ፤ ዓለም ሲሠራ ያየ ግን የለም» አለ። ይህ ትክክለኛ መልስ ነበር። እኛ አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው በዚህ ነው፤ ላመነ ሰው የሚበቃውን ቃል፥ ሊያምን ለሚታገል ሰው እንደ ማስረጃ እንወረውርበታለን።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ዓለም መጀመሪያ የለውም፥ ሰማያትም አይለወጡም ብሎ አስተምሮ ነበር። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ በእስክንድርያ የነበረው ክርስቲያን ሊቅ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ በ529 ዓ.ም. ለዓለም መጀመሪያ አለው ብሎ ፕሮክሎስን በመቃወም ሰፊ መጽሐፍ ጻፈ። በአገራችንም ይህንኑ ነገር የሚመረምር የግዕዝ መጽሐፍ አለ። «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው መጽሐፍ፥ አንድ የአክሱም ሰው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀምጦ ያሰበውን ይተርካል። መጽሐፉ በእውነት የ17ኛው መቶ ዓመት ይሁን ወይም በ19ኛው መቶ ዓመት በአገራችን የነበረው ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የጻፈው ይሁን፥ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ማንም ቢጽፈው ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰውየው በዋሻው ሆኖ ማን እንደ ፈጠረው ራሱን ይጠይቃል፤ ከወላጆቹ ወደ ወላጆቻቸው፥ ከእነርሱም ወደ ፊተኞቹ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከማንም ያልተወለደ፥ ከማንም ያልተቀበለ አንድ ካልነበረ፥ የኋለኞቹ ሁሉ ሊኖሩ እንዳልቻሉ ይረዳል።

ይህን ለወጣቱ ስነግረው፥ ከቤቱ በስተ ኋላ በሚያልፈው ወንዝ መሰልሁለት። «ይህ ውኃ ከጎጃም የመጣ ነው። ከቡሪ ሆኖ የሰከላን ምንጭ የሚያይ የለም። ነገር ግን ውኃውን ከወዴት መጣህ ብለን ብንጠይቀው፥ ከላይኛው ይላል፤ የላይኛውም ከእርሱ በላይ ካለው። ላይኛው ብቻ ኖሮ ምንጭ ባይኖር፥ አንዲት ጣሳ ውኃ እንኳ እዚህ ትደርስ ነበርን?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ጋሼ፥ ምንጩም እኮ ከዝናብ ነው፤ ዝናቡ ከባሕር፥ ባሕሩም ከወንዝ። እየዞረ ይኖራል እንጂ መጀመሪያ አያስፈልገውም።»

እውነቴን ልናገርና፥ የምመልሰው አጣሁ። መልስ የሰጠችው ቡና ስታፈላ የነበረች አንዲት እኅት ናት። «ማን ያዞረዋል ታዲያ? ፀሐይ ባትኖር ባሕሩ መቼ ይነሣል?» አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን የተናገረችው ቃል የትምህርቱ ዋና ምሰሶ ሆነ። ክቡ መጀመሪያ የሌለው ቢመስልም በራሱ አይዞርም። ያች የምታዞረው ፀሐይም በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን የሚያህል ሃይድሮጅን እየለወጠች ታበራለች፤ እርስዋም ያላትን እያወጣች የምትኖር እንጂ ከራስዋ የምትኖር አይደለችም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ይገባናል። አንደኛው፥ ዓለም መቼ ጀመረ? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ዓለም አሁን በምን ይኖራል? የሚል ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቶማስ አኩዊናስ፥ ዓለም መጀመሪያ እንዳለው በእምነት እንጂ በአእምሮ ክርክር ሊረጋገጥ እንደማይቻል ተናግሯል፤ ይሁን እንጂ ዓለም ከዘላለም ቢኖር እንኳ መኖሩን የሚሰጠው አንድ እንደሚያሻው አስረድቷል። እኔ ሉተራዊ ሆኜ ሳለሁ በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር እስማማለሁ።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ በእኛ ዘመን ብዙ ተገልጧል። ቤልጅጋዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1927 ዓ.ም. ፍጥረተ ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ ጻፈ፤ አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል በ1929 ዓ.ም. የሩቆቹ የከዋክብት ጭፍሮች በራቁ መጠን ፈጥነው እንደሚሸሹ አሳየ። የሚሰፋ ነገር ወደ ኋላ ቢታሰብ እየጠበበ ይሄዳልና፥ ለሜትር ሁሉ ከአንድ እጅግ ከታመቀ ነገር እንደ ተነሣ አስተማረ። ይህን ያልወደዱ ሊቃውንት በ1948 ዓ.ም. ዓለም ሁልጊዜ እንዲሁ ነበረች የሚል ሌላ ትምህርት አቀረቡ። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት፥ ፔንዚያስና ዊልሰን፥ ከሰማይ ሁሉ እኩል የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ድምፅ በመሣሪያቸው ሰሙ፤ እርሱም የዚያ የጥንቱ ሙቀት ቅሪት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ተብሎ ይቈጠራል።

ብዙ ሰባክያን ይህን ሲሰሙ፥ «እነሆ፥ ሳይንስ ዘፍጥረትን አረጋገጠ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ለሜትር ራሱ ግን ይህን አልወደደም። በ1951 ዓ.ም. የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ግኝት ከፍጥረት ትምህርት ጋር አያይዘው በተናገሩ ጊዜ፥ ለሜትር እምነት በሳይንስ ሐሳብ ላይ እንዳይመሠረት ፈርቶ ነበር። መልካም አደረገ። የሊቃውንት ሐሳብ ነገ ሊሻሻል ይችላልና፥ እምነታችንን በእርሱ ላይ የሰቀልን እንደ ሆነ አብሮ ይወድቃል።

በሌላው ወገን ደግሞ ከምንም ነገር፥ በተፈጥሮ ሕግ ብቻ፥ ዓለም ራሱን ሊያስገኝ ይችላል የሚሉ አሉ፤ ስቲቨን ሆኪንግ ከሌላ ሊቅ ጋር በ2010 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ይህን ጽፏል። ሰውየው ታላቅ ሊቅ ነበር። ሆኖም በቡሪ የተሰበሰቡት ሁሉ ዕቁብተኞች ነበሩና ነገሩን በዕቁብ አስረዳኋቸው። የዕቁብ ሕግ በየሳምንቱ ስንት እንደሚጣል፥ ዕጣውም ለማን እንደሚወጣ ይናገራል። አባል ሁሉ እጁን የሰበሰበ እንደ ሆነ ግን፥ ሕጉ የቱንም ያህል ቢያምር አንዲት ጊኒ አያስገኝም። የስበት ሕግም እንዲሁ ነው፤ ያለው ነገር እንዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ነገሩን አይሰጥም። ሕጉም ራሱ ምንም አይደለም ማለት አይቻልም፤ ሕግ ካለ አንድ ነገር አለ።

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ፤ ምክንያቱም ገና አልተመለሰም። እኛ ያለው ነገር ሁሉ ሠሪ ያሻዋል አንልም፤ እንዲህ ብንል እግዚአብሔርም ሠሪ ባሻው ነበር። የምንለው፥ መኖሩን የተበደረ ሁሉ አበዳሪ አለው ነው። ብድር ከሰው ወደ ሰው ቢተላለፍ፥ በመጨረሻ የራሱ ገንዘብ ያለው አንድ ሰው ሊኖር ግድ ነው። እርሱንም ከማን ተበደርህ ብሎ መጠየቅ ነገሩን አለማስተዋል ነው። «ታዲያ ዓለም ራሱ ያ ባለገንዘብ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1948 ዓ.ም. በሬዲዮ ከአንድ የካቶሊክ ካህን ጋር ሲከራከር የያዘው ሐሳብ ይህ ነበር፤ ዓለም እንዲሁ አለ፥ ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አያስፈልግም የሚል ነው።

ይህ የሞኝ ንግግር አይደለም። እኔ ግን ዓለምን ስመለከት የባለገንዘብ መልክ አላይበትም። አሪስቶትል አይለወጡም ያላቸው ሰማያት እንኳ ይለወጣሉ። ለዚህም ሱዳን ራስዋ ምስክር አላት። በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት 7 ቀን ሊነጋ ሲል፥ አንድ ቀን ሳይሞላው አስቀድሞ በአሜሪካ በቴሌስኮፕ የታየ የሰማይ ድንጋይ በኑብያ ምድረ በዳ ላይ ነድዶ ተበተነ። ምድርን ከመምታቱ በፊት በጠፈር ሳለ የታየ ድንጋይ ያ የመጀመሪያው ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በምድረ በዳው ተሰልፈው እየሄዱ ስብርባሪውን ለቀሙ፤ «አልመሐታ ሲታ»፥ ማለት ስድስተኛው ጣቢያ፥ በሚባል የባቡር ማቆሚያ ስም ተሰየመ። ያ ድንጋይ ከጥንት ከተሰበረ ከሌላ ትልቅ አካል የተከፈለ ነው። ፀሐይ ትነዳለች፥ ከዋክብት ይጠፋሉ፥ የሰማይ ድንጋይም ይሰበራል። የሚለወጥና የሚያረጅ፥ ሌላም ሊሆን ይችል የነበረ ነገር፥ መኖሩን ከራሱ ያገኘ አይመስልም።

ቢሆንም ራስልን በዚህ አስገድጄ አሳምነዋለሁ አልልም። አእምሮ ሰውን እስከ ደጅ ያደርሰዋል፤ በውስጥ ያለው ማን እንደ ሆነ ግን አይነግረውም። ጳውሎስም በአቴና ለፈላስፎች ስለ ፈጣሪ ከተናገረ በኋላ በዚያ አላቆመም፤ ከሙታን ወደ ተነሣው ሄደ፥ አንዳንዶቹም ያን ጊዜ አፌዙበት። ዶክተር ማርቲን ሉተር በ1529 ዓ.ም. በጻፈው ትንሹ ካቴኪዝም የፍጥረትን አንቀጽ ሲያብራራ ስለ ከዋክብት አልጀመረም፤ ከራሱ ጀመረ፥ ሥጋውንና ነፍሱን፥ ዓይኑንና ጆሮውን፥ ልብሱንና እንጀራውን ከሰጠውና ዛሬም ከሚጠብቀው አምላክ። ፍጥረት ከብዙ ዘመን በፊት ተሠርቶ ያለቀ ነገር ብቻ አይደለም፤ በዚህች ሰዓት መያዝ ነው (ቆላ. 1፥17)።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ወጣቱ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ነገረን። ታናሽ ወንድሙ ከካርቱም ተነሥቶ በምድረ በዳ ወደ ሊቢያ ከሄደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ ወሬውም አልተሰማም። «ጋሼ፥» አለ፥ «ዓለም በራሱ የቆመ ከሆነ ስለ ወንድሜ የሚጠየቅ የለም፤ አሸዋው ወሰደው፥ አለቀ። የሚይዘው አንድ ካለ ግን፥ እኔ ለእርሱ የምለው ነገር አለኝ።»

ለዚህ ማስረጃ አላቀረብሁለትም። ኢዮብም ለእግዚአብሔር የሚለው ነገር ነበረው፥ አለውም፤ እግዚአብሔርም ስለ ቁጣው አልጣለውም። የመጽሐፈ ኢዮብን 38ኛ ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብን፤ በመካከሉ መብራት ጠፋና ያች እኅት ሻማ አበራችልን። ለጸሎት በተነሣን ጊዜ ወጣቱ የወንድሙን ስም ነገረን። ከእነርሱ ጋር ሁለት ዓመት ሲማር፥ ያን ስም አንድ ቀን እንኳ በአፉ ጠርቶት አያውቅም ነበር።