ሥራ ያጠነክራል፣ ሚዛን ግን በልምምድ ይመጣል፦ ታይ ቺን በብልባላ በማኅበር መልመድ

በላስታ፣ ብልባላ ላይ እንጀራ የሚገኘው በጉልበት ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ያጭዳል፤ ግንበኛው ድንጋይ ያነሣል፤ ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይውላል፤ መምህሩና ነርሷ ቆመው ይውላሉ። አስጎብኚው እንግዳ ሲመጣ ወደ ብልባላ ጊዮርጊስና ወደ ብልባላ ቂርቆስ፣ ሲያልፍም እስከ ይምርሃነ ክርስቶስ ድረስ ሲወጣ ሲወርድ ይመሽበታል። ስለ ስፖርት ሲነሣ “ሥራችን ራሱ ስፖርት አይደል እንዴ?” የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ሥራ ሰውነትን ያጠነክራል፤ የሚያጠነክረው ግን አንዱን ወገን ነው። አጫጁ ማጭዱን ሁልጊዜ በለመደው እጁ ይይዛል። ልብስ ሰፊው አንገቱን የሚደፋው ወደ ፊት ብቻ ነው። ሸክም የሚያነሣ ሰው አንዱን ትከሻ ያዘወትራል። ማታ ላይ “ወገቤን ያዘኝ” ወይም “ጉልበቴን ይቆረጥመኛል” ከሚያሰኙት ምክንያቶች አንዱ ይህ ለዓመታት የተጠራቀመ ማድላት ነው። ስለዚህ ሠራተኛ ሰው የሚያስፈልገው ተጨማሪ ድካም ሳይሆን ሁለቱንም ጎን እኩል የሚያሠራ፣ የተኮማተረውን የሚያፍታታ፣ ትንፋሽን የሚያረጋጋ ልምምድ ነው። ታይ ቺ ለዚህ ይመቻል። ለብቻው የጀመረው ሰው ግን ሥራ ሲበዛበት ቶሎ ይተወዋልና፣ ገና ከጅምሩ በማኅበር ቢያዝ ይሻላል።

ታይ ቺ ምንድን ነው?

ታይ ቺ ከቻይና የመጣ፣ ዛሬ በአብዛኛው ለጤና ሲባል በዝግታ የሚሠራ የትግል ጥበብ ነው። ታሪኩ ሄናን ውስጥ ከምትገኘው የቼን ቤተ ዘመድ መንደርና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከቼን ዋንግቲንግ ጋር ይያያዛል። አሁን በብዙ አገር ጀማሪዎች የሚማሩት አጭሩ ቅጽ በ1956 እ.ኤ.አ. የቻይና የስፖርት ኮሚሽን ለሕዝብ እንዲመች ያዘጋጀው ባለ 24 እንቅስቃሴ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሲሠራ 5 ወይም 6 ደቂቃ ይወስዳል። የእኛ ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በሰፈረ በዓመቱ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ታይ ቺም እዚያው ገብቷል።

ጥቅሙም በጥናት ተፈትኗል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ 195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች በሦስት ቡድን ተከፍለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንታት ተለማመዱ። ታይ ቺ የሠሩት ሚዛን በመጠበቅ ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች በልጠው ተገኙ፤ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከሠሩት ይልቅም የወደቁት ጥቂት ጊዜ ነው። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩም፣ ታይ ቺ የመውደቅን አደጋ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። ቁልቁለትና ጠጠር በበዛበት በላስታ መሬት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስቀድሞ ከአባቶች ጋር መነጋገር

በአንድ መሪ፣ በቀስታ፣ ተያይዞ መንቀሳቀስ ለላስታ ሰው እንግዳ አይደለም። የአቋቋም ሊቃውንት መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ክብደታቸው ከእግር ወደ እግር ይሸጋገራል፤ አንዱ ከሌላው አይቀድምም፣ አይዘገይምም። የገና ዕለት በላሊበላ ቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲባል ያየ ሰው፣ ብዙ ሰው እንደ አንድ ሰው መንቀሳቀስ እንደሚችል ያውቃል። ይህን ስል ሁለቱን አንድ ማድረጌ አይደለም። ዝማሜው ጸሎትና ምስጋና ነው፤ ታይ ቺ የሰውነት ልምምድ ነው። ታይ ቺ ከጥንት የቻይና ፍልስፍና የወሰዳቸው ሐሳቦች አሉት፤ እንደ ስፖርት የሚሠራው ሰው ግን የሚሰግድለትም የሚያመልከውም ነገር የለም።

ይህን እናንተ ብታውቁትም ጎረቤት ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ለንስሐ አባታችሁና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ሄዳችሁ ንገሯቸው፤ እንቅስቃሴውን ሠርታችሁ አሳዩአቸው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አትለማመዱ፤ የቅዳሴን ሰዓትም አትንኩ። ለቀበሌውም አሳውቁ። በክልላችን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ማለዳ ተሰባስቦ መታየት ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ፈቃድ ቢኖር ሁሉም ሰው ልቡ አርፎ ይመጣል።

ማኅበሩን ማደራጀት

ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ጀማሪው መሪውን አያይም። ቀኑን ማክሰኞና ሐሙስ ብታደርጉት ከረቡዕና ከዓርብ ጾም ጋር አይጋጭም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኖ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ፣ መምህሩም ባለ ሱቁም ሥራ ሳይረፍድበት ይደርሳል። ማለዳ እንጨት ለቀማና ውኃ መቅዳት ለሚበዛባቸው ሴቶች ሰዓቱ ላይመች ይችላል፤ እነሱን ጠይቃችሁ ከሰዓት በኋላ ሌላ ክፍል ክፈቱ።

ለቦታ የተስተካከለ አውድማን የሚያክል የለም፦ ደልዳላ ነው፣ ድንጋይ የለበትም፣ ውቂያ ካለቀ በኋላም ለወራት ባዶውን ይቀመጣል። ባለቤቱን አስፈቅዱ። ክረምት ሲገባ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ጠይቃችሁ፣ ወንበር ወደ ዳር ገፍታችሁ በአንድ ክፍል ውስጥ መሥራት ይቻላል። ጫማ ተረከዙ ያልረዘመ፣ የማያንሸራትት ይሁን። ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

እንደ ዕድሩ ስም ጠሪ ይኑራችሁ። ገንዘብ ግን አትቅጡ፤ በተከታታይ ሁለት ቀን የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ መድቡ። ልምምዱን የሚያጸናው ይህ መጠያየቅ ነው።

የመጀመሪያው ወር

በመጀመሪያው ሳምንት ቆሞ መተንፈስ ብቻ ተማሩ። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት፤ ጉልበት ትንሽ ይላላ፤ ትከሻ ይውረድ፤ ዓይን ወደ ፊት ይይ። ትንፋሽ በአፍንጫ ገብቶ በአፍንጫ ይውጣ። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በደጋ አየር ትንፋሽን ማስገደድ ያዞራል እንጂ አይጠቅምም።

በሁለተኛው ሳምንት እርምጃ ተማሩ። የታይ ቺ ሁሉ መሠረት እዚህ ላይ ነው። ክብደታችሁን በሙሉ ቀኝ እግር ላይ አሳርፉ። ግራው ባዶ መሆኑን የምታውቁት ሰውነታችሁ ሳይወላገድ ከመሬት ማንሣት ስትችሉ ነው። ግራ እግራችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ተረከዙን ብቻ መሬት አስነኩ፤ ክብደት ገና አታሳርፉበት። ቀጥሎ ውስጥ እግሩ በሙሉ ይረፍ። ክብደቱ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ይሻገር። ጉልበት የእግር ጣትን አልፎ አይሂድ፣ ወደ ውስጥም አይጠምዘዝ። አስጎብኚም ሆነ አህያ ነጂ ይህን አረማመድ ከለመደ፣ ጠጠር ባለበት ቁልቁለት ላይ እግሩ መርገጫውን አረጋግጦ ነው ክብደቱን የሚሰጠው።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እጅ ይጨመር። ከባለ 24ቱ መጀመሪያ ያሉት “የፈረስ ጋማ መክፈል” እና “ነጭ ሽመላ ክንፏን ስትዘረጋ” ለወሩ ይበቃሉ። እንቅስቃሴውን በለመዳችሁት ጎን ሦስት ጊዜ ከሠራችሁ ባለመዳችሁት ጎንም ያንኑ ያህል ሥሩት። መጣደፍ አያስፈልግም፤ በሳምንት አንድ እንቅስቃሴ የጨመረ ቡድን ዓመት ሳይሞላው ቅጹን ይጨርሳል።

አስተማሪ ከሌለስ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቻይና ቋንቋና ባህል የሚያስተምር የኮንፊሺየስ ተቋም አለ። ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደዚያ የሚሄድ የማኅበሩ አባል ካለ ጠይቆ መሠረቱን ቢማርና ተመልሶ ቢያሳይ መልካም ነው፤ የትራንስፖርቱን ማኅበሩ ሊያዋጣለት ይችላል። እስከዚያው ቪዲዮ ያገለግላል። ኔትወርክ ሲገኝ ስልክ ላይ አውርዱት። አስተማሪው ከጀርባው የተቀረጸበትን ምረጡ፤ ፊቱን ወደ እናንተ ካዞረ ግራና ቀኝ ይምታታል።

ስትሰለፉ ደግሞ የለመዱትን አራት ሰዎች በአራቱ ማዕዘን አቁሙ። ቅጹ መዞር ስላለበት ፊት የነበረው ሰው ወደ ኋላ ይሆናል፤ አራቱ በየማዕዘኑ ካሉ ጀማሪው ወዴትም ቢዞር የሚያየው ሰው አያጣም። ቪዲዮ የማይሠራውን ሥራም እርስ በርሳችሁ ሥሩ፤ “ትከሻህ ተነሥቷል”፣ “ጉልበትሽ ገብቷል” ተባባሉ። በዕድሜ የገፉ አባላትን ስታርሙ ግን በ“እርስዎ” እና በለሆሳስ ይሁን።

ጥንቃቄ

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርብ ስብራት የደረሰበት ሰው አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። ታይ ቺ ጀመርሁ ብሎ መድኃኒት ማቆም አይገባም። ጡንቻ ቢዝል ጉዳት የለውም፤ ጉልበት ወይም ደረት ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማ ግን ወዲያው ቁሙ። በዐቢይ ጾም ልምምዱን አሳጥሩ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁም ብዙ ዝቅ አትበሉ። አረጋውያን ከጎናቸው የሚደገፉት ግድግዳ ወይም ወንበር ይኑር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለአረጋውያን ደግሞ ሚዛንን የሚያጠናክር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይጨምርበታል። ስለዚህ አረጋውያን ከማክሰኞና ከሐሙስ ሌላ ቢያንስ አንድ ቀን ቤታቸው ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ይለማመዱ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ሥራ ሥሩ። ፈቃደኛ የሆኑ አምስት ሰዎች አነጋግሩ፤ ቦታውን አስፈቅዱ፤ አባቶችንና ቀበሌውን አማክሩ። ወር ሙሉ ከጸናችሁ በኋላ ሰብሰብ በሉና ወገባችሁ፣ ጉልበታችሁና እንቅልፋችሁ እንዴት እንደ ሆነ ተጠያየቁ። ለውጥ ካያችሁ ሁለተኛ ክፍል ክፈቱና ጎረቤት ጥሩ፤ ካላያችሁ ሰዓቱን ወይም መጠኑን አስተካክላችሁ ሌላ ወር ቀጥሉ። ቤተሰብ የሚያኖረው ይህ ሰውነት ነውና በሳምንት ሁለት ማለዳ ሊሰጠው ይገባል።