ድምፅ የሌለው ሲኒማና የሚንተባተበው ልብስ ሰፊ

ሲኒማ ሲባል ሥዕሉና ድምፁ አብረው የተወለዱ መንትዮች የሚመስሉን ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን ሲኒማ በ1888 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ከታየ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል አንደበት አልነበረውም። ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያሉ እንጂ አይሰሙም። የግድ መነገር ያለበት ነገር ሲኖር ቃሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ፊደል ተጽፎ በሥዕሉ መካከል ይገባል። ፒያኖ ወይም ኦርጋን የሚመታ ሰውም ከመጋረጃው አጠገብ ተቀምጦ ሐዘኑን በሐዘን ዜማ፣ ሩጫውን በሩጫ ዜማ ያጅባል። በ1920 ዓ.ም. «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው የሚናገርና የሚዘፍን ፊልም በአሜሪካ ከታየ በኋላ ግን ዝምተኛው ሲኒማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳ። በአዲስ አበባም ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው በዚሁ ድምፅ በሌለበት ዘመን እንደ ነበረ ይነገራል።

መቶ ዓመት ያለፈውን ቀልድ ዛሬ ማየት ለተማሪ ምን ይረባዋል? ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆነኝ አንድ ፊልም መርጫለሁ። ስሙ «ገርል ሻይ» ይባላል። አንባቢ የሚጠጣውን ሻይ እንዳያስብ፤ ትርጓሜው ሴት ሲያይ የሚያፍር ወይም የሚፈራ ማለት ነው። ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. ሲሆን ይኸውም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ጉብኝት የተነሡበት ወር ነው። ዋናው ተዋናይ ባለመነጽሩ ሃሮልድ ሎይድ ነው። በዚያ ዘመን ከቻርሊ ቻፕሊንና ከባስተር ኪተን ጋር በአንድ ተርታ የሚጠራ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን በእኛ ዘንድ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሃሮልድ በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአጎቱ ዘንድ ልብስ ስፌት የሚማር ድኻ ወጣት ነው። አንደበቱ ይንተባተባል፤ ሴት ልጅ ፊት ሲቆም ደግሞ ጭራሹን ይያዛል። ፉጨት የሰማ እንደሆነ ብቻ ቃሉ ይፈታለታል። ይህ ሰው ሌሊት ሌሊት ምን ይሠራል ቢሉ የሴትን ልብ ስለ ማሸነፍ ጥበብ መጽሐፍ ይጽፋል! መጽሐፉን ይዞ ወደ ከተማ ሲሄድ በባቡር ላይ ሜሪ የምትባል የሀብታም ልጅ ያገኛል። በባቡሩ ውስጥ የተከለከለውን ትንሽ ውሻዋን ከተቆጣጣሪው ይደብቅላትና በዚያው ይዋደዳሉ። ሜሪ ሆና የምትጫወተው ጆቢና ራልስተን ናት።

አሳታሚዎቹ መጽሐፉን አንብበው ከት ብለው ይሥቁበታል። ሃሮልድም ባዶ እጁን መቅረቱን ባወቀ ጊዜ፣ ልጅቱ ከእርሱ ጋር እንዳትቸገር ብሎ፣ «የወደድሁሽ ለመጽሐፌ ምሳሌ እንድትሆኝ ነው» የሚል ውሸት ይነግራታል። በእኔ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ስፍራ ይህ ነው። ቃሉ ውሸት ነው፤ ፊቱ ግን እውነቱን ይናገራል። ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ጆሯችን ቃሉን ይከተል ነበር። ድምፅ ስለሌለ ግን ፊቱን ብቻ እናያለን፤ እርሷ ያመነችውን እኛ አናምንም። እስከዚያ ድረስ ስንሥቅበት የቆየነው ልጅ በድንገት ያስለቅሰናል።

አንድ ክርክር እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። የሚንተባተብን ሰው መሣቂያ ማድረግ ነውር አይደለምን? በክፍላችን ውስጥ መልሱን እያወቁ ሣቅን ፈርተው እጃቸውን የማያወጡ ልጆች አሉና ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች አንዳንድ ቦታ የሣቁ ጠርዝ ይሻክረኛል። ነገር ግን ልብ ብለን የተመለከትን እንደሆነ ድምፅ በሌለው ሲኒማ ውስጥ ሁሉም ዲዳ ነው። ሃሮልድም ዲዳ፣ አሳታሚውም ዲዳ፣ ሜሪን ሊያገባ የመጣው ምላሰ ለስላሳ ሰውም ዲዳ ነው። ይህ ሰው ሚስት እያለችው ሌላ ሊያገባ የተነሣ አታላይ ነው፤ አንደበቱ ግን አይሰማምና ምንም አያተርፍለትም። ሁሉም የሚመዘነው በሥራው ብቻ ነው። ስለዚህ ለተንተባታቢ ሰው ከዚህ የበለጠ የተስተካከለ ዳኛ አላውቅም።

ፊልሙን በቤት ውስጥ በስልክ ስናይ አያቴ አጠገባችን ነበሩ። እርሳቸው የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም። እኛ ጽሑፉን ለማንበብ ስንጣደፍ እርሳቸው ቀድመውን ይሥቁ ነበር። በአምባሰል የምንኖር ሰዎች ቃል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣ አንስተውም፤ በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ጦር አስነሥቷል። ሜሪ አንገቷን ስትደፋ ግን አስተርጓሚ አያሻም። በጥምቀት ዕለት ሎሚ የወረወረ ጎረምሳስ መቼ ንግግር አደረገ? በፊልሙም ሁለቱ ወጣቶች በባቡሩ ላይ ከተገናኙበት ቀን የተረፈውን ባዶ ካርቶን እንደ ዕንቁ ሸሽገው ያኖራሉ። አያቴ ይህን ሲያዩ «እንግዲህ ሎሚው ይኸ ነው» አሉ።

የማልወድለትን ደግሞ አልደብቅም። ሃሮልድ በመጽሐፉ የጻፈውን በሐሳቡ ሲያየው ሴትን በመናቅና በጉልበት ሲያሸንፍ የሚታይበት ክፍል አለ። ሠሪዎቹ የልጁን ሞኝነት ለማሳየት እንዳደረጉት ይገባኛል፤ ቢሆንም ከልክ በላይ ረዝሟል፤ ዛሬ ለእኅቶቻችን የሚያስቅ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ሩጫ ግን እስትንፋስ ያሳጥራል። ሃሮልድ አታላዩ ሚስት ያለው መሆኑን ሰምቶ ሠርጉ ሳይፈጸም ለመድረስ በመኪና፣ በፈረስ፣ በከተማ ባቡር፣ በሞተር ብስክሌትና በጋሪ ይከንፋል። ይህን ሰው ሳይ የማልረሳው ነገር፣ በ1911 ዓ.ም. ለፎቶግራፍ ሲዘጋጅ የመጫወቻ ነው የተባለ ቦምብ በእጁ ላይ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የቆረጠበት መሆኑን ነው። ጉድለቱን በጓንት ሸፍኖ ይጫወት ነበር። ከሠርጉ ቤት በደረሰ ጊዜም ተቃውሞውን ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ ቃሉ እምቢ ይለዋል፤ ሙሽራይቱን ተሸክሟት ይወጣል!

በእነዚህ ፊልሞች ሰው ሁሉ እየተጣደፈ የሚሄድ ለምን እንደሚመስል ለሚጠይቁኝ፦ የዚያ ዘመን ካሜራ በእጅ ይዞር ስለ ነበር በአንድ ሴኮንድ ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ያህል ሥዕል ያነሣል። ያው ፊልም በኋላ በ24 ሥዕል ፍጥነት ሲታይ ሰዉ ይፈጥናል። ከፊሉ ደግሞ ለማሣቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያው መልካቸው ተሟልተው የቀሩት ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ገልጿል። ፊልሙ የሚሠራበት ነገር በቀላሉ የሚነድና የሚበሰብስ ነበር። ሎይድ የራሱን ፊልሞች በቤቱ ቢያስቀምጥም በ1943 እ.ኤ.አ. በተነሣ እሳት ጥቂቶቹ ተቃጥለዋል። «ገርል ሻይ» ግን ተርፏል። በአሜሪካ ሕግ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በቅርብ ዘመን የተጨመረለት ሙዚቃ ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ የራሳችንን ሙዚቃ ብናደርግለትስ? ዓለም ከሚያውቃቸው ከአራቱ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ አንዱ የተጠራው በዚሁ በእኛ አገር ስም ነው። የሙዚቃ ክበባችን አንድ ማሲንቆና አንድ ክራር ይዞ ከመጋረጃው አጠገብ ቢቀመጥ እኔ እንዲህ እመድበዋለሁ። በባቡር ላይ ለሚተያዩበት ባቲ ይሁን። ለሩጫው ከበሮ ይጨመር። ሃሮልድ ውሸቱን ለሚነግርበት ሰዓት ማሲንቆው ብቻውን አምባሰልን ቀስ አድርጎ ይጀምርና፣ ሜሪ ዞራ ስትሄድ ዝም ይበል። መጨረሻ ላይ አንደበቱን የሚፈታውን ፉጨት ዋሽንት ይጫወተው።