ቀለምን በቃል መግለጽ

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተፈጸመው የንግሥ በዓል የቀሩልን ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። አሜሪካዊው ሮበርት ሙር ግን ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በቀለም አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1931ም ታተመ። በዚያ ዘመን ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ የሉሚየር ወንድማማቾች በ1907 ለገበያ ያቀረቡት ነበር፤ ቀለም የተነከረ የድንች ስታርች በመስተዋት ላይ ይነሰነሳል። ብዙ ብርሃን ስለሚሻ ተነሺው ሳይነቃነቅ መቆም ነበረበት፤ የሚጋልብ ፈረስማ የማይታሰብ ነው።

በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የባሌ ቀይ ቀበሮ ግራጫ ይሆናል። 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ግን፣ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነውና፣ ቀለሙን በስሙ ይዟል።

መልመጃ፦ ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወጣ መንገደኛ የሚያየውን ወይም የሮቤን የስንዴ ማሳ በስምንት ዓረፍተ ነገር ግለጹ። «ያማረ» በሚለው ቅጽል አትጠቀሙ፤ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አይነግርምና።